አራት ስፒከር፣ አንድ ቁጥር፦ የጊታር ድምፅ ሳጥን የሽቦ ብልሽት ሲዳሰስ

የጊታር አምፕ ተከፍቶ ሳጥኑ ዝም ሲል፣ ወይም ትናንት ደረት ይመታ የነበረው ድምፅ ዛሬ ሳስቶ ሲወጣ፣ መድረክ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ «ስፒከሩ ተቃጥሏል።» ፍርዱ ይቸኩላል። ከአምፑ እስከ ስፒከሩ ወረቀት ድረስ ገመድ አለ፣ ፕላግ አለ፣ ጃክና ጃኩን የያዘ ሰሌዳ አለ፣ የውስጥ ሽቦ አለ፣ ተገፍቶ የሚገባ የሽቦ ጫፍ አለ፣ ብየዳ አለ፣ ከስፒከሩ ብረት ወደ ወረቀቱ የሚሻገር ለስላሳ ጉንጉን ሽቦ አለ። ከእነዚህ አንዱ ሲላላ ለጆሮ የሚደርሰው ነገር ከተቃጠለ ስፒከር አይለይም። ልዩነቱ ሂሳቡ ላይ ነው፤ የላላ ጫፍ በፒንሳ ጠበቅ ተደርጎ ያበቃል፣ ስፒከር ግን በውጭ ምንዛሬ ይገዛል።

ለዚህ ዳሰሳ መነሻ ያደረግሁት አራት ባለ 12 ኢንች ስፒከር የሚይዘውን የእንግሊዞች ሳጥን ነው። አንድ ስፒከር ያለው ሳጥን ብዙ አያከራክርም፤ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም። ሁለት ሲሆኑ የአሳሰር ምርጫ ይመጣል። አራት ሲሆኑ ደግሞ በሽታው መደበቅ ይጀምራል፤ ሳጥኑ እየጮኸ ሊታመም ይችላል።

የሳጥኑ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ከአቅም ማነስ ነው። ከበሮ መቺና የከበሮ መምህር የነበረው ጂም ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1960 በምዕራብ ለንደን፣ ሃንዌል በተባለ ሰፈር የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ከፈተ። ከሁለት ዓመት በኋላ እሱና እንደ ኬን ብራንና ዱድሊ ክሬቨን ያሉ የሱቁ ባለሙያዎች የአሜሪካኑን የፌንደር ቤዝማን ንድፍ ተከትለው ጄቲኤም 45 የተባለውን አምፕ ሠሩ። ያኔ በእንግሊዝ የሚገኙት የሴለስቲዮን ስፒከሮች አቅማቸው 15 ዋት አካባቢ ስለነበር ሁለት ብቻ ሆነው አምፑን ሊሸከሙ አልቻሉም። ጭነቱን ለአራት አካፍሎ በአንድ የተዘጋ ሳጥን ማስገባት መፍትሔ ሆነ።

ችግሩ አምፑ ስንት ስፒከር እንደተሰለፈለት አለማወቁ ነው። መውጫው ላይ የሚያየው አንድ የኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ቁጥር ብቻ ስለሆነ አራቱን በሽቦ አስማምቶ እንደ አንድ ማቅረብ ግድ ይላል። ፋብሪካዎቹ በዚህ ላይ በየራሳቸው መንገድ ሄደዋል። ሊዮ ፌንደር አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከር በያዘው ቤዝማን ላይ አራቱንም 8 ኦሞች በፓራሌል (ጎን ለጎን) አስሮ 2 ኦም አወጣ። ትዊን ሪቨርብ በተባለው አምፑ ላይ ሁለት 8 ኦም በፓራሌል 4 ሆኑ። የእንግሊዙ ቮክስ ኤሲ30 ደግሞ ሁለት 8 ኦም ስፒከሮችን በሲሪስ (አንዱን ከሌላው አስከትሎ) ቀጥሎ 16 አደረጋቸው። የማርሻል ሳጥን ሁለቱን አሳሰሮች ቀላቀለ፤ አራት ባለ 16 ኦም ስፒከሮች ገብተው የሚወጣው ተመልሶ 16 ነው።

ይህ 16 ግን በሁለት መንገድ ይገኛል፤ የጉዳዩ ሁሉ ቋጠሮ ያለውም እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ስፒከሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው በሲሪስ ይያዛሉ፤ እያንዳንዱ ጥንድ 32 ይሆናል፤ ሁለቱ ጥንዶች በፓራሌል ሲገናኙ 16። በሁለተኛው መንገድ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ሁለት ሁለቱ በፓራሌል ተይዘው 8፣ 8 ይሆኑና ጥንዶቹ በሲሪስ ሲቀጠሉ እንደገና 16። የሳጥኑ ጀርባ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ አንድ ነው። ሳጥኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ቴስተርም ጆሮም አይለያቸውም። የሁለቱ ልዩነት እንዲያውም አንዲት ቁራጭ ሽቦ ናት፤ የመጀመሪያውን መንገድ ይዞ የሁለቱን ጥንዶች መካከለኛ ነጥብ ከነጥብ ያገናኘ ሰው ሁለተኛውን መንገድ አገኘ ማለት ነው። ስፒከሮቹ አንድ ዓይነትና ጤነኞች ከሆኑ በዚያች ሽቦ ውስጥ ከረንት አያልፍም። ሥራዋ የሚጀምረው አንዱ ስፒከር ሲሞት ነው።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ስለ ቴስተሩ ንባብ አንድ ነገር መስማማት አለብን። 16 ኦም የተጻፈበት ስፒከር በቴስተር ሲለካ 16 አይልም፤ 12 ወይም 13 አካባቢ ይላል። ባለ 8ቱ ከ6 እስከ 7፣ ባለ 4ቱ ከ3 ትንሽ ከፍ ይላል። ይህ ጉድለት አይደለም። ቴስተሩ የሚለካው ቀጥተኛ ከረንት በስፒከሩ ውስጥ ባለው የሽቦ ጥቅል ላይ የሚገጥመውን ሬዚስታንስ ሲሆን፣ ስፒከሩ ላይ የተጻፈው ደግሞ ሙዚቃ በሚያልፍበት ጊዜ የሚኖረው ኢምፒዳንስ ነው። እሱም ከድምፁ ከፍታና ዝቅታ ጋር ይዋዥቃል። ለምሳሌ ግሪንባክ የሚባለው የሴለስቲዮን ስፒከር 75 ሄርዝ አካባቢ በራሱ ተፈጥሯዊ ንዝረት ላይ ሲደርስ ኢምፒዳንሱ ከተጻፈበት ብዙ እጥፍ ይዘላል፤ ከዚያ ወርዶ 16ቱ ጋ ይደርስና ወደ ቀጭኑ ድምፅ ሲሄድ እንደገና ይወጣል። ስለዚህ «16 ብሎ ሸጦልኝ 13 ነው» ብሎ ከሻጭ ጋር መጣላት ለማንም አይጠቅምም።

አሁን ቁጥሮቹን እናንብብ። እያንዳንዱ ስፒከር 13 የሚለካ ከሆነ ጤነኛው ሳጥን በገመዱ ጫፍ 13 ያሳያል። ከአራቱ የአንዱ ጥቅል ቢበጠስ፣ በመጀመሪያው አሳሰር የዚያ ስፒከር ጓደኛም አብሮ ዝም ይላል፤ አንዱ በሬ ሲወድቅ ጥማዱ እንደሚቆመው ነው። የቀረው ጥንድ ብቻ ስለሚነበብ ቴስተሩ 26 ይላል። በሁለተኛው አሳሰር ግን የሚሞተው አንዱ ብቻ ነው፤ የተጎዳው ጥንድ 13፣ ጤነኛው ጥንድ 6.5፣ ድምሩ 19.5። ይህ ቁጥር ሳጥኑ ውስጥ አንድ ስፒከር እንደሞተ ብቻ ሳይሆን ሽቦው በየትኛው መንገድ እንደታሰረም ይናገራል፤ ያውም ከጀርባው አንድ ብሎን ሳይፈታ።

ስፒከሩ በመበጠስ ፋንታ ሾርት ቢያደርግ ንባቡ ወደ ታች ይወርዳል። በመጀመሪያው አሳሰር 8.7 ገደማ፣ በሁለተኛው 6.5። ንባቡ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ስፒከር አይጠረጠርም፤ አራት ስፒከር በአንድ ሌሊት ሾርት አያደርግምና ጥፋቱ ያለው ሁሉም ከሚጋሩት ቦታ ላይ ነው፤ ገመዱ፣ ፕላጉ ወይም ጃኩ ውስጥ አንዲት የሽቦ ክር ወዲያኛው ወገን ተሻግራለች። ምንም ንባብ ከሌለም እንዲሁ። ሁሉንም የገደለ በሽታ ከመግቢያው በር አይርቅም። 52 ካነበባችሁ ደግሞ ማንም አልታመመም፤ ከእናንተ በፊት የከፈተው ሰው አራቱንም በሲሪስ ቀጥሏቸዋል።

ሁለቱ አሳሰሮች የሚለያዩት በንባብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላተኮርኩበት ነበር። ከበሽታው በኋላ የሚሆነው ነገር የከፋ ነው። 100 ዋት አምፕና አራት ባለ 25 ዋት ስፒከሮች እንውሰድ። በመጀመሪያው አሳሰር አንድ ጥንድ ሲጠፋ የቀሩት ሁለቱ እኩል ይካፈላሉ፤ ቀድሞ ሩብ ሩብ ይደርሳቸው የነበረው ግማሽ ግማሽ ይሆናል። ከአቅማቸው በላይ ነው፣ ግን ተጫዋቹ የሳጥኑ ግማሽ እንደጠፋ ወዲያው ይሰማል። በሁለተኛው አሳሰር ከአራቱ ሦስቱ ይጮኻሉ፤ ብዙ ሰው ልዩነቱን ልብ አይልም። ይሁን እንጂ የሞተው ስፒከር ጓደኛ ብቻውን ከጠቅላላው ኃይል ሁለት ሦስተኛውን ይወስዳል፤ ሌሎቹ ሁለቱ አንድ ስድስተኛ አንድ ስድስተኛ ብቻ ይደርሳቸዋል። አምፑ ከኦም መዛባቱ የተነሳ ሙሉ ኃይሉን ባይሰጥ እንኳ ክፍፍሉ አይለወጥም። አምፑ ሙሉውን ከሰጠ 25 ዋት የሚችል ስፒከር ከ60 ዋት በላይ እየተጫነበት አንድ ሙሉ ምሽት ይቆያል፤ በነጋታው ሁለት ስፒከር ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። «መድረክ ላይ አንድ ስፒከር ሲሞት ሦስቱ ይቀጥሉ፤ ኮንሰርት አይቋረጥ» የሚሉት ሁለተኛውን መንገድ ይመርጣሉ። እኔ ከመጀመሪያው ጋር ነኝ። በሽታውን የሚናገር ሳጥን ከሚደብቅ ሳጥን ይሻላል፤ በተለይ ምትክ ዕቃ እንደልብ በማይገኝበት አገር።

ጉዳዩን የሚያወሳስብ ሌላ ነገር አለ። በኋላ ዘመን የመጡት ብዙዎቹ ባለ አራት ስፒከር ሳጥኖች፣ የማርሻል 1960ኤና 1960ቢ ጭምር፣ ጀርባቸው ላይ ሁለት ጃክና የሞኖ/ስቴሪዮ መቀያየሪያ ያለው ሰሌዳ አላቸው። በስቴሪዮ ግራና ቀኙ 8፣ 8 ኦም ይሰጣሉ፤ በሞኖ አንዱ ጃክ 4 ሌላው 16 ነው። ይህን ሁሉ ምርጫ ለመስጠት ሰሌዳው የሚጠቀመው ሁለተኛውን አሳሰር ነው። ሁለቱን ባለ 8 ጥንዶች ሲቀጥል 16፣ ጎን ለጎን ሲያደርግ 4። እዚህ ላይ ቅድም ያየነው 6.5 ሁለት ትርጉም ይይዛል። አንድ ስፒከር ሾርት አድርጎ ሊሆን ይችላል፤ ወይም አንድ ሰው ሳጥኑን ሲሸከም መቀያየሪያውን በአውራ ጣቱ ወደ ስቴሪዮ ገፍቶት ግማሹ ሳጥን ብቻ እየተነበበ ነው። ሁለተኛው ምን ያህል ጊዜ እንደሚያጋጥም የሚያውቁት አከራዮች ናቸው። ካቻቪቴ ከማንሳት በፊት መቀያየሪያውን መመልከት የማንንም ክብር አይነካም።

ሰሌዳው ራሱም ደካማ ቦታ ነው። የሳጥኑ ከረንት በሙሉ በመቀያየሪያው ትንንሽ ምላሶችና በጃኩ ውስጥ ባሉ መነካኪያዎች ያልፋል። 100 ዋት በ4 ኦም ላይ ሲሆን 5 አምፔር ነው። ምላሶቹ ሲዝጉ ወይም ሲላሉ ድምፁ ይንጫጫል፣ ይጠፋል፣ ሳጥኑ ሲመታ ይመለሳል። ሲመታ የሚመለስ ድምፅ ሁልጊዜ ስለ ግንኙነት ነው የሚናገረው፤ ተቃጥሎ የተበጠሰ ጥቅል በጥፊ አይነሣም። ስቴሪዮ የማይፈልግ ሰው ሰሌዳውን አውጥቶ በአንድ ጠንካራ ጃክ ቢተካው የሚያጣው ነገር የለም።

አለካኩ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች ጥቂት ናቸው፣ ግን ሁሉም የሐሰት ቁጥር ያወጣሉ። ሳጥኑ ከአምፑ ጋር እንደተገናኘ መለካት አንዱ ነው፤ የአምፑ ትራንስፎርመር የመውጫ ጥቅል ከ1 ኦም ያነሰ ስለሚሆን ከሳጥኑ ጋር ጎን ለጎን ይነበብና ሳጥኑ ሾርት ያደረገ ይመስላል። ሌላው የቴስተሩ የራሱ ሽቦዎች ናቸው፤ ጫፋቸውን አገናኝቶ የሚያሳየውን፣ ግማሽ ኦምም ቢሆን፣ ከውጤቱ መቀነስ ነው። በ16 ኦም ላይ ለውጥ አያመጣም፤ በ2 ኦም የቤዝማን ዓይነት ላይ ግን ያሳስታል። በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ ሂሳብ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ጣሪያ ላይ ለሚሰቀሉት ባለ ቀንድ ድምፅ ማጉያዎች አይሠራም። ብዙዎቹ ውስጣቸው የራሳቸው ትራንስፎርመር ያለና በ100 ቮልት መስመር የሚሠሩ ናቸው፤ ባለ 10 ዋቱ ለአምፑ የሚታየው እንደ 1,000 ኦም ሲሆን ቴስተር ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ያነባል። የጊታር ሳጥን ትምህርት ይዞ እነሱ ላይ መፍረድ አይገባም።

ቴስተሩ በእጅ ከታገዘ ደግሞ ከቁጥር በላይ ይናገራል። መለኪያውን በገመዱ ጫፍ አስይዞ የአንዱን ስፒከር ወረቀት በጣት ቀስ አድርጎ መጫን፤ ቁጥሩ ከተርገበገበ ስፒከሩ ሕያው ነው። ጥቅሉ በማግኔቱ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ቴስተሩም ያን ያያል። ሦስቱ አርገብግበውት አራተኛው ምንም ካላለ፣ በሽተኛው ተገኘ። ከፊት ጨርቁ የማይነሣ ሳጥን ከሆነ ወረቀቱ የሚደረሰው ጀርባው ሲከፈት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው መክፈት። ለብቻው የቆመ የስፒከር ሳጥን ሲከፈት አደገኛ ቮልት የለበትም፤ 100 ዋት እየነዳው እንኳ በ16 ኦም ላይ 40 ቮልት ነው፣ ሲነቀል ደግሞ ምንም። አምፑና ስፒከሩ በአንድ ሳጥን ያሉበት ዓይነት ግን ሌላ ነው። እንደ ትዊን ሪቨርብ ባለ በቫኪዩም ቱቦ የሚሠራ አምፕ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ከሶኬት ተነቅለውም 400 ቮልትና ከዚያ በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ እጅ ከስፒከሩ ወደ ላይ እንዳያልፍ።

ውስጡ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ተገፍተው የሚገቡት የሽቦ ጫፎች ናቸው። ሳጥኑ በመኪና ሲጓዝ ይንቀጠቀጣል፣ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ጫፉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይላላል። በፒንሳ ትንሽ ጠበቅ አድርጎ መመለስ ይበቃዋል። ብየዳ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ አይላላም። ነገር ግን የመበየጃው ብረት ስፒከሩ ጆሮ ላይ ብዙ ከቆየ በዚያው ጆሮ ላይ የተበየደውን ጉንጉን ሽቦ አብሮ ያቀልጠዋል፤ ጤነኛ ስፒከር በጥገና የሚሞተው እንዲህ ነው።

ጉንጉኑ ራሱ ከሁሉም አስቸጋሪው በሽተኛ ነው። ከብረቱ ክፈፍ ወደ ወረቀቱ ተንጠልጥሎ የሚሻገር፣ በጥጥ ክር ላይ የተጠለፈ ቀጭን መዳብ ነው፤ ስፒከሩ በተናወጠ ቁጥር ይታጠፋል። ዓመታት ሲያልፉ መዳቡ ከውስጥ ይበጣጠሳል፣ ክሩ ግን ይቀራል፤ ለዓይን ደህና ይመስላል። ሳጥኑ ዝም ባለ ጊዜ 13 ይነበባል፣ ሙዚቃ ሲጀምር ይቆራረጣል። ምርመራው ቴስተሩን እያዩ ወረቀቱን ወደ ውስጥ ገፍቶ እዚያው መያዝ፣ ከዚያም መልቀቅ ነው። በአንዱ ጥግ ቁጥሩ ከጠፋ ጉንጉኑ ነው። ጉንጉን ይቀየራል፤ ነገር ግን ጠንካራ ሽቦ ወረቀቱን ስለሚቀድ በእሱ መተካት የለበትም።

ወረቀቱን ከሁለት በኩል እኩል ሲጫኑት የሚያፋጭ ድምፅ ከመጣ ጥቅሉ ከማግኔቱ ክፍተት ግድግዳ ጋር እየተነካካ ነው። በሙቀት ተበላሽቶ ቅርጹን ያጣ ጥቅል እንዲህ ይሆናል፤ ሽታውም ይለያል። ይህ ስፒከር ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ግን አብቅቶለታል። የተቀደደ ወረቀት ደግሞ ሁልጊዜ ጥፋት ተብሎ አይመዘገብም። ጊታሪስቱ ሊንክ ሬይ እ.ኤ.አ. በ1958 ለወጣው «ራምብል» ለተባለው ዜማ የአምፑን ስፒከር በእርሳስ ወግቶ፣ የኪንክስ ባንዱ ዴቭ ዴቪስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 የትንሽ አምፑን ስፒከር ወረቀት በምላጭ ሰንጥቆ ያገኙት የተሰነጣጠቀ ድምፅ የሮክ ጊታር መለያ እስከ መሆን ደርሷል። ደንበኛው ፈልጎት ይሆን ወይ ብሎ መጠየቅ ግን ከጠጋኙ አይጠበቅም፤ ያደረገው ሰው ራሱ ይናገራል።

ስለ ገመዱ አጭር ነገር። ጊታርን ከአምፕ የሚያገናኘውና አምፕን ከሳጥን የሚያገናኘው ገመድ ጫፋቸው አንድ ዓይነት ፕላግ ነው፤ ውስጣቸው ግን አይገናኝም። የጊታሩ ገመድ ከ0.2 ስኩዌር ሚሊሜትር ብዙም የማይበልጥ ቀጭን ክርና ዙሪያውን የሸፈነ መከላከያ ነው። ለሳጥን የሚያስፈልገው እኩል ወፍራም የሆኑ ሁለት ሽቦዎች ነው፤ ለቤት መብራት የሚዘረጋው ባለ 1.5 ይበቃል፤ ግን የሚተጣጠፈውን፣ ባለ ብዙ ክሩን መምረጥ ነው። የጊታር ገመድ ለሳጥን ከዋለ ይግላል፣ ፕላጉ ውስጥ ያለው መሸፈኛ ይቀልጣል፣ መጨረሻው ወይ መበጠስ ወይ ሾርት ነው። በሺህ ብር ስለሚሸጡ የወርቅ ቀለም ገመዶች የሚነገረውን እዚህ አልደግመውም፤ አንድና ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ውፍረቱ በቂ ከሆነ ሌላው ጌጥ ነው።

ቴስተር ጨርሶ የማይደርስበት በሽታ ደግሞ አለ፤ የፕላስና የማይነስ መገላበጥ። ከአራቱ የአንዱ ስፒከር ሁለት ሽቦዎች ቦታ ቢለዋወጡ ንባቡ ያው 13 ነው። አራቱም ይጮኻሉ፣ ምንም አልተቃጠለም። ሆኖም ሦስቱ አየሩን ወደ ፊት ሲገፉ አንዱ ወደ ኋላ ይስባል። የጊታር ስድስተኛው ወፍራም ክር ሳይያዝ ሲመታ 82 ሄርዝ ገደማ ነው፤ ሞገዱ በአየር ላይ ከ4 ሜትር በላይ ይረዝማል። ስፒከሮቹ የተራራቁት ግን በጥቂት አሥር ሴንቲሜትሮች ብቻ ስለሆነ፣ ለዚህ ድምፅ አራቱም አንድ ቦታ እንደቆሙ ይቆጠራል። ሳቢው ከገፊዎቹ አንዱን ያጠፋል፤ ከአራት ሁለት ይቀራል፤ 6 ዲሲቤል ወረደ ማለት ነው። ሁለቱ ከተገለበጡ ወፍራሙ ድምፅ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። በ3,000 ሄርዝ ግን ሞገዱ 11 ሴንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ እንዲህ ያለ ንጹሕ መጠፋፋት የለም፤ ቀጭኑ ድምፅ ይቀራል፣ ሰሚው አንድ እርምጃ ሲራመድ ቃናው ይለዋወጣል። «አምፔ ቤዝ አጣ» እያለ ቱቦ የሚያስቀይር ተጫዋች ሳጥኑ በቅርቡ ተከፍቶ እንደነበር ቢጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «አዎ» ነው።

መርማሪው ባለ 9 ቮልት ባትሪ ነው። የባትሪው ፕላስ የፕላጉን አፍንጫ፣ ማይነሱ አንገቱን ለቅጽበት ብቻ ይነካሉ፤ አራቱም ወረቀቶች አንድ ላይ ወደ ውጭ መዝለል አለባቸው። አንዱ ወደ ውስጥ ከገባ እሱ ነው። አራቱም ወደ ውስጥ ከገቡ ሳጥኑ ለብቻው ሲሠራ ጉዳት የለውም፤ ከሌላ ሳጥን ጋር ሲቆም ግን እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ባትሪው እንደተያያዘ መቆየት የለበትም፤ ቀጥተኛ ከረንት ጥቅሉን ያሞቃል። አሮጌ ጄቢኤል ስፒከር ያጋጠመው ሰው ደግሞ ግራ አይጋባ፤ ኩባንያው ለብዙ ዓመታት ምልክቱን ከሌሎች በተቃራኒ ያደርግ ነበርና በቀዩ ጆሮ ላይ ፕላስ ሲገባ ወረቀቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከሌላ ስፒከር ጋር በአንድ ሳጥን ሲታሰር የሚታመነው ባትሪው እንጂ ቀለሙ አይደለም።

ክርክሩ የማያልቀው የኦም አለመጣጣም ላይ ነው። 16 የሚል አምፕ መውጫ ላይ 8 ኦም ሳጥን መሰካት ይጎዳል ወይ? መልሱ የሚወሰነው አምፑ በምን እንደሚሠራ በማየት ነው፤ ሁለቱን ዓይነት አምፖች ያደባለቀ ምክር ነው ብዙ ዕቃ ያስቃጠለው። በትራንዚስተር የሚሠራው አምፕ ባዶውን ቢበራ ምንም አይሆንም፤ የሚገድለው ከተፈቀደለት በታች የሆነ ኦም ነው፤ ከረንቱ ይበዛበታል። በቱቦ የሚሠራው ተቃራኒ ነው። መውጫው ላይ ምንም ሳይሰካ ከተጫወተ በትራንስፎርመሩ ውስጥ የሚፈጠረው ቮልት ማምለጫ አጥቶ መሸፈኛውን በስቶ ሊያልፍ ይችላል። ፌንደር ዋናውን የስፒከር ጃክ ምንም ሳይሰካበት ሲቀር ራሱን ሾርት እንዲያደርግ የሠራው ለዚህ ነው፤ ለቱቦ አምፕ ከባዶ ይልቅ ሾርት ይሻለዋል። ለትራንዚስተር ሰው ይህ እብደት ይመስላል።

ስለዚህ በሳጥኑ ውስጥ ስፒከር ተበጥሶ 16 የነበረው 32 ሲሆን ትራንዚስተሩ ኃይሉን ወደ ግማሽ ገደማ ቀንሶ በሰላም ይቀጥላል፤ ቱቦው ግን አደጋ ወዳለበት አቅጣጫ አንድ እርምጃ ሄዷል። ብዙ ሠሪዎች የአንድ እጥፍ መዛባት ለጊዜው እንደሚቻል ያምናሉ፤ የፌንደር ተጨማሪ ስፒከር ጃክ ራሱ ሌላ ሳጥን በፓራሌል አስገብቶ ኦሙን ወደ ግማሽ የሚያወርድ ነው። እኔም ለአንድ ምሽት ወደ ታች አንድ እርከን መውረድን አልቃወምም፤ ቱቦዎቹ ቶሎ ያረጁ ይሆናል እንጂ ትራንስፎርመሩ አይቃጠልም። ወደ ላይ መውጣቱን ግን፣ በተለይ ድምፁ ተከፍቶ፣ አልመክርም።

«ሲሪስ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ፓራሌል ይጠነክራል» የሚለውን ክርክር ግን አጠር አድርጌ ልለፈው። ስፒከሮቹ ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ከሆኑ ቮልቱ እኩል ይከፈላል፣ ኃይሉም እኩል ነው፤ አምፑ የሚያየው ኦም እስካልተለወጠ ድረስ ለልዩነት የሚሆን አካላዊ ምክንያት አላገኘሁለትም። ልዩነት የሚመጣው ስፒከሮቹ ሲለያዩ ነው።

ከጥገና በኋላ የሚያጋጥመውም ይኸው ነው፤ አንዱ ሞቶ ያው ዓይነት አልተገኘም። ኦሙ ካልገጠመ ጨርሶ አይሞከር፤ 8 እና 16 በፓራሌል ሲታሰሩ ባለ 8ቱ ሁለት ሦስተኛውን ኃይል ይወስዳል፣ በሲሪስ ሲሆን ደግሞ ባለ 16ቱ። ኦሙ ከገጠመ የሚቀጥለው ጥያቄ ዲሲቤሉ ነው። በሴለስቲዮን ሰነድ ግሪንባክ 98፣ ቪንቴጅ 30 የተባለው 100፣ ጂ12ቲ-75 97 ዲሲቤል ናቸው። የ3 ዲሲቤል ልዩነት ለማስተካከል ሁለት እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። ሦስት ጂ12ቲ-75 ባሉበት ሳጥን አንድ ቪንቴጅ 30 የገባበት ሰው ሌሎቹ ሦስቱ የታመሙ ይመስለዋል፤ ቴስተሩ አራቱም ደህና ናቸው ይለዋል፣ ባትሪውም እንዲሁ። ሁለት ከሁለት ማዳቀል ከተፈለገ አንድ ዓይነቶቹን በአንድ ረድፍ ከማድረግ ይልቅ ከላይ ቀኝና ከታች ግራ፣ በሰያፍ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ሳጥኑ ፊት የትም ቢቆም ማይክሮፎኑ ወይም ሰሚው ሁለቱንም ያገኛል። በአሳሰሩ ግን በአንዱ የሲሪስ ጥንድ ውስጥ አንድ ዓይነቶቹን አንድ ላይ ማጣመር ይሻላል፤ የተለያዩ ስፒከሮች በሲሪስ ሲቆሙ አንዱ በንዝረቱ ጫፍ ላይ ኢምፒዳንሱ ሲዘል ከጓደኛው ቮልት ይነጥቃል፤ ሁለቱም ፋብሪካው ያላሰበውን ድምፅ ማውጣት ይጀምራሉ።